መሪጌታ ይርጋና የፀዳው የደብዳቤ ቤት

መሪጌታ ይርጋ ማረፋቸውን የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከደባርቅ ወደ ጎንደር እየተመለስኩ ሳለ መንገድ ላይ ሁለት ቄሶች ተሳፈሩና ከኋላዬ ተቀመጡ። ትንሽ እንደሄድን አንደኛው «የየኔታ ይርጋ ሰባተኛ ቀናቸው ዛሬ አይደል?» ሲሉ ሰማሁና ዞሬ «የትኛው ይርጋ?» ብዬ ጮኽኩ። በቄስ ላይ አይጮኽም፤ እኔ ግን ጮኽኩ።

«የፀዳው፣ የአቋቋም መምህሩ» አሉኝ ደንገጥ ብለው። «ዘመድሽ ናቸው የኔ ልጅ?»

«አይ፣ አብረን እንሠራ ነበር» አልኳቸው።

ግራ ገባቸው። የአቋቋም መምህር ሱሪ ለብሳ ላፕቶፕ ከታቀፈች ሴት ጋር ምን ይሠራል? እንባዬ ስለቀደመኝ ላስረዳቸው አልቻልኩም። እስከ ጎንደር ድረስ ስለ እሳቸው ሲያወሩ አዳመጥኩ። ዝማሜያቸውን አነሡ፣ ድምፃቸውን አነሡ፣ በየአገሩ የተበተኑ ደቀ መዛሙርታቸውን ቆጠሩ። እኔ የማውቃቸውን መሪጌታ ግን አንዳቸውም አላነሡም። እኔ የማውቃቸው መሪጌታ ፀዳ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤታቸው ጥግ፣ የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር አቁመው ለዓመታት ያኖሩ ሰው ናቸው።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። አብዛኞቻችን የምንጽፈውና የሚጻፍልን ኢሜይል የሚቀመጠው በማናውቀው አገር ባለ የአንድ ድርጅት ማሽን ላይ ነው። የራስህን ሰርቨር አቆምክ ማለት ደብዳቤውን የሚልከውም፣ የሚቀበለውም፣ የሚያስቀምጠውም እቤትህ ያለ ማሽን ነው ማለት ነው። አድራሻህም የድርጅቱን ሳይሆን አንተ ያወጣኸውን ስም ይይዛል። ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ራስ ያዞራል፤ እንኳን መሪጌታ፣ ባለሙያ ነኝ የሚለውም ይሸሸዋል።

ያኔ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሊለምኑ የመጡ መስሎን ሁላችንም ተነሣን።

«የኢሜይል ቤት ልሠራ ፈልጌ ነው» አሉ። «ይህን የምታውቀው እሷ ናት አሉኝ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ለምን እንደፈለጉ ጠየቅኳቸው። ለካ ለዓመታት ከተማሪዎቻቸው ጋር በኢሜይል ሲጻጻፉ ኖረዋል። አንዱ ከገዳም፣ አንዱ ከባሕር ማዶ፣ የከበዳቸውን ዜማ እየጠየቁ ይጽፋሉ፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ከዚያ ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። የስልክ ቁጥራቸውም ሳይሠራ ስለቆየ ተሰረዘ። ኔትወርኩ ሲመለስ ኢሜይሉን ሊከፍቱ ቢሞክሩ፣ ድርጅቱ «እርስዎ መሆንዎን በስልክዎ እናረጋግጥ» እያለ በሌለ ቁጥር መልእክት ይልክ ጀመር። ደብዳቤዎቹ በዚያው ቀሩ።

«የራሴን ደብዳቤ ይዘው እኔን አንተ ማን ነህ አሉኝ» አሉ። «ማን ነኝ ልበላቸው? ከእንግዲህ ደብዳቤዬ ከቤቴ ውጭ አያድርም ብዬ ወስኛለሁ።»

«መሪጌታ፣ በጣም ከባድ ነው። ኮሌጁ እንኳን የራሱ የለውም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ኮሌጁ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው የለውም ማለት ነዋ» አሉኝ። በዚህ አነጋገራቸው ያዙኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀዳ ሄድኩ።

እኔ ሰው አንድ ነገር ሁለቴ ሲጠይቀኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን ሁለቴ አይጠይቁም ነበር። የነገርኳቸውን በቃላቸው ይይዙታል፣ እኔ ስሄድ ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩታል። ትእዛዞቹን በጥቁር ቀለም ይጽፋሉ፤ ተሳስተው ቢነኩት ደብዳቤ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ግን በቀይ። ሰርቨሯ መልስ እስክትሰጥ ስንጠብቅ በመቋሚያቸው ወለሉን ቀስ ብለው ይመታሉ። እኔ ማያው ላይ አፍጥጬ ስናደድ እሳቸው በልባቸው እየዘመሙ ነው።

ሁለት ሰርቨሮች ሲገናኙ ምን እንደሚባባሉ ያሳየኋቸው ቀን ደስታቸው ልክ አልነበረውም። መጀመሪያ ላኪው ሰላም ይላል፣ ራሱን ያስተዋውቃል። ከዚያ ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ይናገራል፣ ለማን እንደሆነም ይገልጻል፤ ተቀባዩ እሺ ሲለው ብቻ ያስረክባል።

«ወይ ጉድ! ማሽኑን እንኳ ሰላምታ አስተምረውታል» አሉ። «የኛ ሰው እኮ አሁን አሁን ስልክ ሲያነሣ የት ነህ ነው የሚለው።»

ሰርቨሯ አንድ ተማሪያቸው የላከላቸው፣ ዳዊት የምታክል ያገለገለች ኮምፒውተር ነበረች። መሪጌታ ለዳዊታቸው የተሰፋውን የቆዳ ማኅደር አውጥተው አለበሷት። «ትግላለች! ትቃጠላለች!» ብዬ ስጮኽ፣ ማኅደሩን ግራና ቀኝ ቀደው መተንፈሻ አበጁላት። የአድራሻውን ስም ለመምረጥም ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። የራሳቸው ስም እንዲሆን ብጠይቃቸው «እኔ ስሞት ቤቱ ይዘጋ እንዴ?» አሉና የትውልድ መንደራቸውን ስም መረጡ። ያው ተማሪ ስሙን አስመዘገበላቸው።

የማይቀያየር የኢንተርኔት ቁጥር ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ሊያስፈቅዱ ወደ ስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሲሄዱ ቅጹ ላይ «የድርጅቱ ስም» የሚል ቦታ አለ። «ድርጅት ነዎት አባቴ?» አለቻቸው ቅጹን የምትሞላው ልጅ። «የለም የኔ ልጅ፣ ቤት ነኝ» አሏት። ቤት የሚል ማስገቢያ ስላልነበረው በየማክሰኞው ተመላለሱ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ መቆጣት ስጀምር እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ተይ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ? ማንም ጠይቋት አያውቅም።» በአራተኛው ወር ተፈቀደላቸው።

ተፈቀደ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ትልልቆቹ ሰርቨሮች ከመኖሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ አያምኑም፤ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይጥሉታል። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ለተማሪዎቻቸው በሙሉ የስልክ መልእክት ላኩ፦ «መምህራችሁ ነኝ። ጽፌላችኋለሁ። ቆሻሻችሁ ውስጥ ፈልጉኝ።» እነሱም ፈልገው አወጧቸው። ቀስ በቀስ ሰርቨሯ ታመነች።

የሰርቨሯ ነገር ከተነሣ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ቤቱ ክፍት ነወይ?» መብራት በሚጠፋበት ወቅት ቤቱን ክፍት ማድረግ ትልቅ ሥራ ነው። ደብዳቤ የያዘ ሰርቨር በሩ ተዘግቶ ሲያገኝ ወዲያው እንደማይመለስ፣ ለጥቂት ቀናት እየተመላለሰ እንደሚያንኳኳ ነግሬያቸው ነበር። «ማሽን ይህን ያህል ከታገሠ እኛ ማነስ የለብንም» አሉና የመኪና ባትሪ ገዙ። መብራት ሲጠፋ ያን ባትሪ በጀርባቸው አዝለው አዘዞ ድረስ ይወስዱታል፤ እዚያ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ፣ ባትሪም የሚሞላ ወፍጮ አለ። ባለ ወፍጮው ከሩቅ ሲያያቸው «አያ ይርጋ፣ ዛሬስ እህሉ የታለ?» ይላቸዋል። «እህሌ ይኸው፤ ቶሎ ፍጭልኝ» ይሉታል። ያን ጊዜ ስድሳውን አልፈው ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ዘርፌ ልምጣ፤ መሪጌታን የማልረሳቸው በሷ ምክንያት ነውና።

እትዬ ዘርፌ የመሪጌታ ጎረቤት ናት። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። አንዲት ልጇ ማስተዋል ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተዋታል። የቤቱ ትልቅ ሴት ልጅ ግን አዝናላት አልፎ አልፎ ኮምፒውተሯን ታውሳታለች። ይህን የሰሙት መሪጌታ ለእትዬ ዘርፌ በስሟ የኢሜይል አድራሻ ከፈቱላት። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል እሳቸው ያነቡላታል፤ እሷ ስትናገር እሳቸው ይጽፋሉ። አንድ ቃል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። አንድ ቀን «እዚህች ላይ እንኳ አሳምሩልኝ» ስትላቸው «ልጅሽ የምትፈልገው ያንቺን አፍ ነው» ሲሏት ሰምቻለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ከማስተዋል ደብዳቤ መጣ። ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው። አሠሪዎቿ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ እያሏት ነው። እሷ ደክሟታል፤ ግን ባዶ እጇን መመለስ አፍራለች። «እማ፣ እንዲያው ብመጣ ሰው ምን ይላል? ልምጣ ወይስ ልፈርም? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ» ትላለች። እትዬ ዘርፌ ለማሰብ ጊዜ አልፈለገችም። «ባዶ እጅሽን ነይ። ማንም ምን አመጣሽ አይልሽም። የሚልሽ ካለ እኔ አለሁ» ብላ አጻፈች። መሪጌታ በዚያው ቀን ላኩት። መልስ ሲጠፋ ደገሙት፤ ሠለሱት።

ኅዳር ውስጥ የማስተዋል ደብዳቤ መጣ። «እማ፣ ዝም ስትይኝ ገባኝ። ፈርሜያለሁ።»

መሪጌታ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። «ቶሎ ነይ፤ ደብዳቤያችን የት እንደገባ ፈልጊልኝ።» ሄጄ የሰርቨሯን መዝገብ ከፈትኩ። ሦስቱም ደብዳቤ ሄዷል፣ የወዲያኛውም ሰርቨር ተቀብሏል። ግራ ገባኝ። ከዚያ ዓይኔ ቀኑ ላይ ዐረፈ።

«መሪጌታ፣ ይቺ ማሽን ዛሬን ስንት ነው የምትለው?»

«ኅዳር አሥራ አራት ነዋ። ሦስተኛ ወር፣ አሥራ አራተኛ ቀን። ሸጋ አድርጋ ትቆጥራለች።»

«ዓመቱንስ ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጳጉሜን ላይ ሞክሬ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብላ እምቢ አለችኝ። መስከረም አንድን ጠብቄ ከነሰዓቱ አስገባኋት። ምነው?»

ሰርቨሯን ስናቆም ዘመኗን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስተካከልኩት እኔ ነበርኩ። መሪጌታ አጽዋማትና በዓላት የሚቀመሩበትን ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ዘመን ሲዛባ አይወዱም። ያኔውኑ «ይህ የማን ዘመን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም በዚያች በማታምር አፌ «የማሽኑ ነው፤ አይንኩት» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም በአዲሱ ዓመት ቤታቸው ያለውን ነገር ሁሉ ከአገሩ ዘመን ጋር አስማሙ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሌላ አገር የሚሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ከመስከረም ጀምሮ የላኩት ደብዳቤ ሁሉ የተጻፈው ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይናገራል። ተማሪዎቻቸው ደብዳቤ ሲገባ ስልካቸው ስለሚጮህላቸው ሳያስተውሉት አልፈዋል። ማስተዋል ግን ስልክ የላትም። የምትጠቀምበት የኢሜይል ገጽ ደብዳቤዎችን በተጻፉበት ቀን ነው የሚደረድረው። የእናቷ መልስ ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ከአሮጌ ማስታወቂያ ሁሉ ሥር ገብቷል። ልጅቱ በተዋሰችው ደቂቃ የላይኛውን ብቻ አይታ ዘግታዋለች።

መሪጌታ ማያው ላይ ያለውን ቀን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ «ደርሷል ማለት ነው» አሉ። «ደርሶ ነው ያላየችው።»

ያዘንኩት ለሳቸው ነበር፤ ለራሴም ፈርቻለሁ። «ይስሙኝ መሪጌታ» አልኳቸው። «እኔ አሁን አስተካክለዋለሁ። ለእትዬ ዘርፌ ኔትወርክ ነው እንላታለን። ሁሌም ኔትወርክ ነው፤ ማን ይጠይቃል?» እውነትም ማንም አይጠይቅም ነበር። በዚህ አገር ኔትወርክ ያልተሸከመው ጥፋት የለም።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። «ማሽኗን አስተካክያት» አሉ። «የቀረውን ለኔ ተዪልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰርቨሯን ለማየት ስመለስ መሪጌታ ቤት አልነበሩም። ስወጣ በእትዬ ዘርፌ ደጅ ላይ አየኋቸው። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ትልቅ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ቆመዋል። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ደጅ እንዲቆም በአገራችን የታወቀ ነው። መሪጌታ የሚያህል ሰው ለአንዲት በርበሬ ሻጭ እንዲህ ሲቆም ግን አይቼ አላውቅም።

እትዬ ዘርፌ በሩን ከፍታ ክው አለች። «ምነው መሪጌታ! ምን ነካዎት?»

«ማሪኝ ዘርፌ» አሉ። «ልጅሽ መልስ ያጣችው በኔ ነው። ነይ ያልሻትን እኔ ነኝ ያስቀረሁት። የማሽኑን ዘመን አትንካ ተብዬ ነካሁ።»

እሷ ስለ ማሽን ዘመን ምንም አይገባትም። ልጇ የቀረችው በሳቸው መሆኑ ግን ገባት። ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋችው። መሪጌታ እንደቆሙ ቀሩ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሽማግሌዎች «ኧረ ያውርዱ» ቢሏቸው እምቢ አሉ። እኔ ሮጬ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩና «ጥፋቱ የኔም ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም» አልኩ በሩ ላይ ጮኼ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ። ዓይኗ ቀልቷል። «ያውርዱት መሪጌታ» አለች። «ለርስዎ ዕድሜ ይሄ አይገባም። ይቅርታውን ግን አሁን አልልም፤ በአፌ ብዬ በልቤ ባልለው ኃጢአት ይሆንብኛል። ልጄ በደኅና ስትገባ ያኔ እንነጋገራለን።»

«እውነትሽን ነው» አሉ መሪጌታ። ድንጋዩን አወረዱ። «እስከዚያው ግን ላንብብልሽ፤ ልጻፍልሽ።»

«ከርስዎ በቀር ማን አለኝና» አለች።

በዚያው ቀን ያለፈውን ሁሉ ለማስተዋል ጻፉላት። ከታች ፈልጋ ሦስቱንም አገኘቻቸው። ግን ፈርማለች፤ ፓስፖርቷም እነሱ ጋር ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ መሪጌታ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ዘርፌ ዘንድ ሳይሄዱ ቀርተው አያውቁም። ይቅር ያላለቻቸው ሴት ደጅ ነው የሚሄዱት፤ እሷም ወንበር ታቀርባለች፣ ምሳ ትሰጣለች፣ ይቅርታ ግን አትሰጥም። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ማዘል አላቆሙም፤ እግራቸው ማበጥ ከጀመረ በኋላም። «ሰው ይሸከምልዎት» ስላቸው «ይሄንን እኔ ነኝ የምሸከመው» ይሉኝ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድን ነገር አትንኩ ስል ለምን እንደሆነ ሳልናገር አልፌ አላውቅም። ከሳቸው የተማርኩት ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃኝ ነበር።

ማስተዋል የመጣች ሰሞን መሪጌታ አልጋ ይዘው ነበር። እትዬ ዘርፌ ሰው ልካብኝ ሄድኩ። ልጅቱ ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ሳቋ ግን የእናቷ ነው። ሦስታችን አብረን ወደ መሪጌታ ቤት ገባን። ማስተዋል ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው እጇን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ማስተዋል» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መልሱ ያኔ ታይቶሽ ቢሆን ትመጪ ነበር?»

እኔ በእሷ ትይዩ ተቀምጫለሁ። በዓይኔ ለመንኳት፤ «ያው እፈርም ነበር» በያቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ታመዋል፣ አሳርፊያቸው አልኳት በልቤ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«እመጣ ነበር፣ የኔታ» አለች። «ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሁን» አሉ። «አልደበቅሽኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን አስተካክላ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «መሪጌታ» አለች፣ «ልጄ ገብታልኛለች። ይቅር ብዬዎታለሁ። አሁን ከልቤ ነው።»

መሪጌታ እግራቸውን ከአልጋው ለማውረድ ሞከሩ፤ አልቻሉም። «ያዙኝ» አሉን። ተኝቶ ይቅርታ መቀበል አልሆነላቸውም። ማስተዋል በቀኝ እኔ በግራ ብብታቸውን ይዘን አቆምናቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። እትዬ ዘርፌ «በቃዎት፣ ይቀመጡ» እስክትላቸው ድረስ አልተቀመጡም።